ሮም ላይ ያለ ራይድ መንቀሳቀስ፦ ሂሳቡ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ሮም የደረሰ ሰው እንደለመደው ስልኩን አውጥቶ ራይድ ልጥራ ቢል ርካሽ መኪና አያገኝም። ኡበር እዚያ አለ፤ የሚያመጣው ግን በአብዛኛው ውድ ጥቁር መኪና፣ አለዚያም ያንኑ የከተማውን ነጭ ታክሲ ነው። ምክንያቱ ሕግ ነው። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የጣሊያን ሕግ ቁጥር 21 ሰው የሚጭኑ መኪኖችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። አንዱ ታሪፉን ማዘጋጃ ቤት የሚወስንለት፣ ከተራ ላይ ወይም በስልክ ጥሪ የሚያነሣ ታክሲ ነው። ሌላው ከነሹፌሩ አስቀድሞ የሚከራይ መኪና ነው። ማንም የግል መኪናውን ይዞ ሰው እንዲጭን የሚፈቅደውን የኡበር ፖፕ አገልግሎት የሚላኖ ፍርድ ቤት በ2015 አግዶታል፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ስለዚህ ሮም ውስጥ የሚያዋጣው የድሮው መንገድ ነው፦ እግር፣ ሜትሮ፣ አውቶቡስ፣ ትራም፣ ሲቸግር ነጩ ታክሲ። ነገሩ ከባድ አይደለም። እንግዳ ሰው ገንዘብ የሚያጣበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የገዛው ትኬት ወይም የተሳፈረበት መኪና ሂሳቡ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር አያውቅም። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እንጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው፤ ከመሃል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ የሚነሡት ባቡሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሐዲዱ አንድ ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል አንድ የሚባለው ተራ ባቡር ደግሞ 8 ዩሮ ነው፤ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲዬንሴ፣ ቱስኮላና እና ቲቡርቲና ላይ ይቆማል፤ ቴርሚኒ ግን አይገባም። ማረፊያዎ ትራስቴቬሬ ከሆነ ቴርሚኒ ድረስ ሄዶ መመለስ ድካም ብቻ ነው። ኦስቲዬንሴ ከወረዱም በውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ፒራሚዴ ወደሚባለው የሜትሮ ቢ ጣቢያ ይደርሳሉ፤ ቲቡርቲናም ሜትሮ ቢ አለው። ብዙ የጉዞ ምክር ሁሉንም ሰው ወደ ቴርሚኒ ይልካል፤ ለብዙዎች ርካሹ ባቡር የተሻለ ነው።

እዚህ ሦስት ስሕተቶች ይበዛሉ። የመጀመሪያው የ8 ዩሮ ትኬት ይዞ ሊዮናርዶ ላይ መሳፈር ነው፤ ተቆጣጣሪው ልዩነቱን ብቻ ተቀብሎ አይለቅም፣ ቅጣት ይጽፋል። ሁለተኛው የከተማውን የ1.50 ዩሮ ትኬት ለአውሮፕላን ማረፊያው ባቡር መጠቀም ነው፤ ያ ትኬት ከተማው ውስጥ በኤፍ ኤል ባቡሮች ቢሠራም ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ድረስ አይሠራም። ሦስተኛው የወረቀት ትኬት ገዝቶ፣ መግቢያው ላይ ባለው ማሽን ማኅተም ሳያስመቱ መግባት ነው። የአካባቢ ባቡር የወረቀት ትኬት ማሽኑ ቀንና ሰዓት እስኪያትምበት ድረስ እንደ ተጠቀሙበት አይቆጠርም፤ ለተቆጣጣሪው ደግሞ ያልታተመ ትኬት ነገ እንደገና ሊሠራ የሚችል ትኬት ነው። ስለዚህ «ከፍያለሁ እኮ» የሚለው ክርክር አያድንም።

አውቶቡስም አለ፤ እስከ ቴርሚኒ ከ6 እስከ 7 ዩሮ ገደማ ይጠይቃል፤ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ለሚያርፍ ሰው ባቡሩ ገና ስላልተነሣ ምርጫው አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው። አራት ሆነው ሻንጣ ይዘው ለመጡ ሰዎች ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል፦ አራት ሊዮናርዶ 56 ዩሮ ነው፤ ከታች እንደምንለው ታክሲ ቤት ደጃፍ ድረስ ከዚህ በማይበልጥ ዋጋ ያደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ከተማው ትኬት። አንዱ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። መቶው ደቂቃ የሚቆጠረው ከተገዛበት ሳይሆን መጀመሪያ ከተመታበት ቅጽበት ነው። አምስት ስድስት አስቀድሞ ገዝቶ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አይበላሽም። በ100 ደቂቃው ውስጥ አውቶቡስና ትራም የፈለጉትን ያህል ይቀያይራሉ። ሜትሮ ውስጥ ግን የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከመስመር ኤ ወደ መስመር ቢ ውስጥ ለውስጥ መቀየር እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራል፤ ከበሩ ወጥተው ከተመለሱ ግን ሌላ ትኬት ነው። ኮሎሲዮ (ኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው ጣቢያ) ወርዶ ፎቶ አንሥቶ በ20 ደቂቃ የተመለሰ ሰው 80 ደቂቃ ቢቀረውም በሩ አይከፈትለትም። ማሽኑ ተበላሽቶ መስሏቸው የሚጨቃጨቁ ጎብኚዎች ሁልጊዜ አሉ።

የ24፣ የ48 እና የ72 ሰዓት ትኬቶችም ከመጀመሪያው ምት ይቆጠራሉ፤ ማክሰኞ ከሰዓት የተመታ የ24 ሰዓት ትኬት ረቡዕ ከሰዓት ድረስ ይሠራል። ሳምንታዊው ግን ለየት ይላል፤ የሚያበቃው በሰባተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ማታ 22:00 ላይ (በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት) የመታው ሰው ለሁለት ሰዓት ብሎ አንድ ሙሉ ቀን አቃጠለ ማለት ነው። የቀን ትኬቱ ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ በቀን አራት ጊዜ የሚሳፈር ሰው በነጠላው ይሻለዋል። መሃል ሮም ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ጎብኚ ከዚያ በላይ አይሳፈርም።

ትኬት አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ አይገዛም። የሚሸጠው ሜትሮ ጣቢያ ባሉ ማሽኖች፣ በጋዜጣ መሸጫዎችና ታባኪ በሚባሉት የትምባሆ ሱቆች ነው፤ ታባኪዎቹን በራቸው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ‹ቲ› ፊደል ይለዩዋቸዋል። እሑድ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ቅዳሜ መግዛት ነው። ማሽኖቹ ትልልቅ ኖት አይወዱም፤ ሳንቲምና ትንንሽ ኖት ይያዙ። ቴርሚኒ ማሽን አጠገብ ቆሞ «ልርዳዎት» የሚል ደግ ሰው ከመጣ፣ ወይ ለእርዳታው ይጠይቅዎታል ወይ ቦርሳዎን ሌላ ሰው እያየው ነው።

ከወረቀት የሚቀለው የባንክ ካርድ ነው። ሳይነካኩ የሚከፈልበት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካለዎት ሜትሮ በር ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ባለው አንባቢ ላይ ያስጠጋሉ፤ 1.50 ይቆረጣል፤ 100 ደቂቃውንም ማሽኑ ራሱ ያስታውሳል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል፤ ባል ለሚስቱም በአንድ ካርድ ሁለቴ አይመታም። ሌላው፣ ስልክ ውስጥ የገባ ካርድና የፕላስቲኩ ካርድ የአንድ ሰው ሂሳብ ቢሆኑም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎ በካርድ ካስጠጉ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደረሰኝ ስለሌለ ያንኑ ያስጠጉትን ካርድ ያሳያሉ። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል።

ሜትሮው ለመረዳት ቀላል ነው። መስመር ኤ ብርቱካናማ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ሲ አረንጓዴ ነው፤ ኤ እና ቢ ቴርሚኒ ላይ፣ ኤ እና ሲ ሳን ጆቫኒ ላይ ይገናኛሉ። ምልክቶቹ የሚጽፉት አቅጣጫ የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ስለሆነ እሱን መያዝ ይበቃል። ወደ ቫቲካን ለመሄድ በመስመር ኤ ወደ ባቲስቲኒ አቅጣጫ ሄደው ኦታቪያኖ ይወርዳሉ። ለስፔን ደረጃዎች ስፓኛ፣ ለትሬቪ ፏፏቴ ባርቤሪኒ ነው። ኮሎሲዮ ከቴርሚኒ በቢ፣ ወደ ላውረንቲና አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ጣቢያ ነው። መስመር ቢ በሰሜን በኩል ቦሎኛ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሬቢቢያ፣ ሌላው ወደ ዮኒዮ ይሄዳል። ቲቡርቲና የሚሄድ ሰው የዮኒዮውን ከያዘ ጣቢያው አይመጣለትም፤ ቦሎኛ ወርዶ የሬቢቢያውን መጠበቅ ነው።

ከኮሎሲዮ አንድ ፌርማታ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ቺርኮ ማሲሞ አለ። ከጣቢያው ወጥተው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትን ሕንፃ ሲያዩ፣ የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ለስድሳ ምናምን ዓመት የቆመው እዚያው ፊት ለፊት ነበር፤ በ2005 አክሱም ተመልሷል። የቴርሚኒ ጣቢያ የተሠራበት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ከተደመሰሱት 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው። አውቶቡስ ሲጠብቁ ማወቁ አይከፋም፤ የአብዛኛው የከተማው አውቶቡስ መነሻም ያው አደባባይ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ዙሪያውን አሉ።

ከፓንተኦን፣ ከፒያሳ ናቮናና ከካምፖ ዴ ፊዮሪ አጠገብ ሜትሮ የለም። መሬቱን በቆፈሩ ቁጥር የጥንት ግንብ ስለሚወጣ መስመሩ አሮጌውን ማህል በዳር በዳሩ ይዞራል። እዚያ ያለው መጓጓዣ እግር ነው፦ ከትሬቪ ፓንተኦን አሥር ደቂቃ፣ ከፓንተኦን ናቮና አምስት ደቂቃ አይሞላም። መንገዱ ሳንፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። እንደ እኛ ኮብልስቶን ቢመስልም ያረጀና የተወለወለ ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ ትንንሽ ጎማ ያለው ሻንጣም ይሰብራል። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀራል። ለውኃ ገንዘብ አያውጡ፤ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈሱት ትንንሽ የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ናቸው።

አውቶቡስ ላይ ሰው ግራ የሚጋባው ምልክቱን ማንበብ ስለማይችል ነው። ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ በየመስመሩ ቁጥር ሥር የፌርማታ ስሞችን ከላይ ወደ ታች ይዘረዝራል፤ እርስዎ የቆሙበት በሳጥን ተከብቧል። አውቶቡሱ የሚሄደው ከሳጥኑ በታች ወደተጻፉት ብቻ ነው። የሚፈልጉት ቦታ ከሳጥኑ በላይ ከሆነ መንገዱን ተሻግረው በሌላው ወገን ይጠብቁ። ፌሪያሌ የሚለው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ፌስቲቮ የሚለው እሑድና በዓል ቀን ማለት ነው፤ ስንት መስመሮች በበዓል እንደማይሠሩ ከዚያ ይታወቃል። አብዛኛው ሰሌዳ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መነሻ እንጂ የየደቂቃውን ሰዓት አይሰጥም፤ ትክክለኛውን መድረሻ ለማወቅ ስልክ ላይ ያለ ካርታ ይረዳል፣ እሱም አንዳንዴ ይዋሻል።

አውቶቡሱ ሲመጣ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፤ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ሹፌሩ ላይቆም ይችላል። በፊትና በኋላ በር ይገባል፣ በመሃል ይወጣል፤ ሲጨናነቅ ይህን የሚያከብር የለም እንጂ። ወዲያው እንደገቡ የወረቀት ትኬቱን ቢጫው ማሽን ውስጥ ያስገቡ፤ ቀንና ሰዓት ካልታተመበት ወደ ሌላኛው በር ሄደው ሁለተኛውን ማሽን ይሞክሩ፣ ካልሆነ ለሹፌሩ ይንገሩ። ቀድሞ የተመታ ትኬት ይዞ ሁለተኛ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ችግር የለውም፤ ሰዓቱ ውስጥ መሆኑን ብቻ ይመልከቱ። ቅጣቱ ወዲያው ከተከፈለ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ ከዘገየ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ተቆጣጣሪ መታወቂያ ያሳያል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ሁለቱን ለማያሳይ ሰው ገንዘብ አይስጡ።

ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን አቅጣጫ የሚሄዱት 40 እና 64 ቁጥር ለጎብኚ ይመቻሉ፤ ለኪስ አውላቂም እንዲሁ። ሌባው የሚሠራው ሰው ሲሳፈርና በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ያኔ ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ መሆን የለበትም። ሜትሮ ኤ ላይም ያው ነው። ከፒያሳ ቬኔዚያ ትራስቴቬሬ የሚወስደው 8 ቁጥር ትራም ነው። ትራም መስመሮች ግን ጥገና ስለሚበዛባቸው በአውቶቡስ ሊተኩ ይችላሉ፤ ፌርማታው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ሳያዩ አይለፉ።

ወደ ታክሲ እንሂድ። ሕጋዊው ታክሲ ነጭ ነው፤ ጣሪያው ላይ ታክሲ የሚል ምልክት፣ በሩ ላይ ደግሞ የከተማው ስምና የመኪናው ቁጥር አለው። መንገድ ላይ እጅ አውጥቶ ማስቆም ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሹፌሮቹ የለመዱት ከተራ መነሣት ነው። ተራዎቹ ቴርሚኒ ፊት ለፊት፣ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ፒያሳ ባርቤሪኒ፣ ላርጎ አርጀንቲና፣ ኮሎሲዮና ቫቲካን አጠገብ ፒያሳ ሪሶርጂሜንቶ አሉ። ስልክ መደወል ከመረጡ የማዘጋጃ ቤቱ ቁጥር 060609 ነው፤ 06 3570 ደግሞ ከትልልቆቹ የታክሲ ማኅበራት የአንዱ ነው። ጣሊያንኛ የማይችል ሰው ሆቴሉን ወይም የበላበትን ምግብ ቤት «ታክሲ ጥሩልኝ» ቢል የተለመደ ነገር ነው፤ የመኪናውን ስምና ቁጥር፣ የሚደርስበትንም ደቂቃ ይነግሩታል።

ቆጣሪው ዜሮ ላይ አይጀምርም። መነሻ ሂሳብ አለ፤ ሌሊት ከ22:00 እስከ 6:00 እና በእሑድ ከፍ ይላል። በስልክ የተጠራ ታክሲ የጥሪ ክፍያም ስላለው ደጃፍዎ ሲደርስ ብዙ ዩሮ አሳይቶ ቢያገኙት ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሻንጣ በነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው በአንድ 1 ዩሮ ይጨመራል። ካርድ አልቀበልም ማለት በሕግ ያስቀጣል፤ ሆኖም ማሽኑ ተበላሽቷል የሚል ስለማይጠፋ ከመነሣትዎ በፊት ካርድዎን እያሳዩ ይጠይቁ። ከወረዱ በኋላ ከመጠየቅ ይሻላል።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ቆጣሪው ቦታ የለውም። በጥንቱ የአውሬሊያን ቅጥር ውስጥ ካለ ማንኛውም ቦታ እስከ ፊዩሚቺኖ፣ ወይም ከዚያ ወደዚህ፣ ማዘጋጃ ቤት የቆረጠው አንድ ዋጋ አለ፤ ከ50 እስከ 55 ዩሮ ባለው ውስጥ ነው፤ በየጊዜው ስለሚታደስ የወቅቱ አኃዝ መኪናው ውስጥ ተለጥፏል። ዋጋው ለመኪናው እንጂ ለሰው አይደለም፤ እስከ አራት ሰውና ሻንጣቸውን ያካትታል። ሲገቡ «ታሪፋ ፊሳ?» (የተቆረጠው ዋጋ ነው?) ብለው ይጠይቁ፤ አዎ ካለ ይሂዱ። ሁለት ወጥመድ አለ። ፊዩሚቺኖ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው ሌላ ከተማ ስለሆነ የእሱ ታክሲዎች ታሪፍ ሊለይ ይችላል፤ በሩ ላይ ሮማ ካፒታሌ የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው ቅጥሩ ነው፤ ብዙ ሆቴል ያለበት የቫቲካን ጎረቤት ፕራቲ ከቅጥሩ ውጭ ስለሆነ የተቆረጠው ዋጋ ላይሠራ ይችላል፤ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። መድረሻ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ሻንጣዎን ሊይዝ የሚመጣው ሰው ከእነዚህ ከየትኛውም አይደለም፤ እውነተኛው ታክሲ ውጭ ተራ ላይ ነው የሚጠብቀው።

ሜትሮው ከ5:30 እስከ 23:30 (በእኛ ከንጋቱ 11:30 እስከ ሌሊቱ 5:30) ይሠራል፤ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እስከ 1:30 (በእኛ ከሌሊቱ 7:30) ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ከቁጥራቸው በፊት ‹ኤን› ያለባቸውና የጉጉት ሥዕል የተደረገባቸው የሌሊት አውቶቡሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ የሜትሮውን መንገድ በላይ በላይ ይከተላሉ። ቁጥራቸው ያነሰ ስለሆነ አንዱ ካመለጠ ጥበቃው ይረዝማል።

የቀረው የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ጣሊያኖች ሾፔሮ ይሉታል። አዘውትሮ የሚመጣው ዓርብ ቀን ነው። በ1990 የወጣው ሕግ አስቀድሞ ማሳወቅን ስለሚያስገድድ ማስታወቂያው ከቀናት በፊት ጣቢያዎች ላይ ይለጠፋል። የቀን ሙሉ አድማ ቢሆንም ከተማው ውስጥ ሁለት የተጠበቁ ሰዓቶች አሉ፦ ከአገልግሎት መጀመሪያ እስከ 8:30 (ጠዋት 2:30) እና ከ17:00 እስከ 20:00 (ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት)። በእነዚህ ውስጥ ሜትሮና አውቶቡስ ይሠራሉ፤ 8:30 ሲሞላ ግን የጣቢያው በር ፊትዎ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ያን ቀን በረራ ያለው ሰው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባይነሣ እንኳ ምትክ አውቶቡስ ስለሚመደብለት ቴርሚኒ መድረስ ይበቃዋል፤ በባቡሩ ፈንታ በመንገድ ስለሚሄድ ግን ከ32 ደቂቃው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይያዝ። ታክሲ የሚመርጥ ከሆነ ደግሞ ከተማው ሁሉ ታክሲ የሚፈልግበት ቀን ስለሆነ ከዋዜማው በሆቴሉ በኩል ያስይዝ፤ የተቆረጠው ዋጋ በአድማ ቀንም ያው ነው።